መጀመሪያ መሳቢያውን አሳዩኝ

የሞተር መጋዝ ልንገዛ ከኢስትሊ በወጣንበት ጠዋት ሦስታችንም በየልባችን ገዝተን ጨርሰን ነበር። ሐጂ ርካሹን፣ ጋሼ ትልቁን፣ እኔ ደግሞ ገና ያላየሁትን።

ሐጂ ሞያሌና ናይሮቢ ሲመላለሱ ኖረው በመጨረሻ ኢስትሊ ሱቅ ከፍተው ብትን ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ስማቸውን የሚያውቅ እንጃ፤ ለትልቁም ለትንሹም ሐጂ ናቸው። ጋሼ የምላቸው ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ኤርትራዊ አናጢ ናቸው። ሙያውን አስመራ ከጣሊያኖች፣ አማርኛውን አዲስ አበባ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ተምረውታል። ስድሳን ተሻግረው እንኳ ሳንቃ ሲያነሱ ሕፃን የሚያቅፉ ይመስሉ ነበር። እኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ በዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሹራብ እየሠራሁ የምሸጥ ስደተኛ ነበርኩ።

ነገሩን ያመጣው ፓርክላንድስ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር ያለ ግቢ ነው። የሐጂ ደንበኛ የሆኑ አንዲት ህንዳዊት መበለት እዚያ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። በአጥሩ ዳር ዐሥር የፈረንጅ ጥድ፣ ከቤቱ ጥግ ደግሞ አንድ ባሕር ዛፍ ተተክሎ፣ ማንም ሳይከረክማቸው አድገው አድገው ነፋስ በመጣ ቁጥር የጣሪያውን ሸክላ መደብደብ ጀምረዋል። ሴትዮዋ ለሐጂ «የሚቆርጥልኝ ከተገኘ እንጨቱን በሙሉ ይውሰድ» አሏቸው። ይህ ለጋሼ የዓመት ሳንቃ ነው፤ ለሐጂ ደግሞ ለምግብ ቤቶች የሚሸጥ ማገዶ።

መጀመሪያ የራሱ መጋዝ ያለው አንድ ፈንዲ አነጋገሩ፤ እዚያ አገር ባለሙያን ፈንዲ ነው የሚሉት። ሰውየው ዛፎቹን አንድ ዙር ዞሯቸውና የእንጨቱን እኩሌታ፣ በዚያ ላይ የቀን ክፍያ ጠየቀ። ሐጂ እንደበገኑ ግቢ ገቡ።

«ወላሂ፣ በዚህ ዓይነት እንጨቱን ለሱ መርቀን ብንሄድ ይሻላል! መጋዙን ራሳችን እንግዛ።»

እኔ የታጠበ ሱፍ ገመድ ላይ እያሰጣሁ ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«የዛፎቹ ውፍረት ምን ያህል ነው?»

ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ። ሹራብ ሠሪ ስለ ዛፍ ውፍረት ምን አገባት?

ስለ ሞተር መጋዝ የማውቀው ዛፍ ቆርጬ አይደለም። አገር ቤት ሳለሁ፣ በደቡብ ጫካ አፍ ላይ በነበረ፣ መንግሥት በወረሰው አንድ እንጨት መሰንጠቂያ ስድስት ዓመት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቆራጮቹ ጠዋት መጋዙን ከእጄ ይወስዳሉ፣ ማታ ይመልሳሉ። ሰንሰለት ሲበጠስ፣ ካንዴላ ሲቃጠል፣ የፒስቶኑ ፋሻ ሲበላ፣ ሞዴል ሃያ ሁለት የሚባለውን የዕቃ ማውጫ ቅጽ ሞልቼ አዲሱን የማወጣላቸው እኔ ነኝ። ዛፍ ሲወድቅ አላይም፤ መጋዝ ሲወድቅ ግን አያለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ የትኛው መጋዝ ጫካ እንደሚውል፣ የትኛው ደግሞ የእኔ መደርደሪያ ላይ እንደሚከርም እጄ ጭምር አውቆት ነበር። ሲገዛ ረክሶ፣ ከዚያ በኋላ መለዋወጫ እየበላ ቤት የሚያፈርስ መጋዝ አለ። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ተሰብረው የመጡት መጋዞች ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ሥራ የወጣሁት በፊርማ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ካድሬያችን መጥቶ፣ ግምጃ ቤቴን ረግጠው የማያውቁ አምስት መጋዞች ገብተዋል ብዬ እንድፈርም አዘዘኝ። «ጓድ፣ መጋዞቹ ይምጡና እፈርማለሁ» አልኩት። ፈገግ ብሎ «አስቢበት» አለኝ። የዚያ ሰው ፈገግታ ምን እንደሚያስከትል በሌሎች ላይ አይቼ ስለነበር ብዙ አላሰብኩም፤ በሳምንቱ ወደ ሞያሌ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ናይሮቢ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠይቀኝ ይህ ሹራብ ቀይ አለው ወይ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን ጋሼ ሳንቃቸውን አስቀምጠው «እስቲ ልጄ፣ ውፍረቱ ለምን ይጠቅመናል?» ሲሉኝ፣ የያዝኩትን ሱፍ ገመዱ ላይ ጥዬ ተጠጋኋቸው።

«መጋዝ በዛፍ ልክ ነው የሚገዛው፣ ጋሼ። ከልኩ ካነሰ ይቃጠላል፣ ከበለጠ ተሸካሚውን ይጥላል።»

በማግስቱ የሱፍ ክር ይዤ ፓርክላንድስ ሄድኩ። እያንዳንዱን ዛፍ በክሩ አቅፌ፣ ጫፉ የደረሰበት ላይ ቋጠሮ እያደረግሁ ተመለስኩ። ጋሼ ክሩን ተቀብለው እያንዳንዱን ልክ ሦስት ቦታ አጠፉት። «የክቡን ሲሶ ከያዝሽ ውፍረቱን አገኘሽ ማለት ነው» አሉኝ። ጥዶቹ በሙሉ ከአንድ ክንድ አያልፉም። ባሕር ዛፉ ብቻ ወደ ሁለት ክንድ ይጠጋል።

የሄድንበት ሱቅ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ነው። ባለቤቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ህንዳዊ ነበር። ሦስት መጋዞች ጠረጴዛው ላይ አሰለፈልን፦ ትልቅ ቀይ፣ መካከለኛ አረንጓዴ፣ እንዲሁም የአረንጓዴውን ያህል መጠን ያለው፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሰማያዊ። የሰማያዊው ዋጋ ከፍ ቢል የአረንጓዴውን ግማሽ ነው። ሐጂ ዋጋውን ሰምተው ፊታቸው በራ። ጋሼ ግን ቀዩ ላይ ፈዘዋል፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ቆራጮቻችን ምላሱ የሚሉት፣ ሁለት ክንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

«ይህ ነው መጋዝ» አሉ ጋሼ። «ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ።»

«ያንሱት እስቲ» አልኳቸው።

አነሡት። እንደ ሕፃን ሊያቅፉት ሞከሩ፤ አልሆነም። ግንባራቸው ላይ ሥር ተገተረ።

«ጋሼ፣ ለዐሥሩ ዛፍ የአንድ ክንድ ምላስ ይበቃል። ለአንዱ ዛፍ ብለን በዐሥሩ ላይ ይህን ብረት እንሸከም? ባሕር ዛፉን በግራም በቀኝም ገብተን እንገናኝበታለን።»

ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። ያኔ ያዘንኩላቸውን ያህል ለሰው አዝኜ አላውቅም፤ ነገር ግን አልተከራከሩኝም። ከዚህ በኋላ የቀረው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ሐጂና እኔ።

ሐጂ ለስለስ አድርገው ጀመሩ። «እህቴ፣ መጠናቸው አንድ፣ ሥራቸው አንድ። ልዩነቱ ቀለም ነው። ለቀለም ይህን ሁሉ ልክፈል?»

ወደ ባለሱቁ ዞርኩ። እስከዚያ ድረስ ሰውየው «ምዜ»፣ ሽማግሌው፣ እያለ ከጋሼ ጋር ብቻ ነበር የሚያወራው። በተሰባበረ ስዋሂሊዬ «መጀመሪያ መሳቢያውን አሳዩኝ» አልኩት።

«የምን መሳቢያ፣ ማማ?»

«የመለዋወጫውን። የሁለቱንም።»

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ከዚያም ከጠረጴዛው ጀርባ አስገባኝ። የአረንጓዴው አራት መሳቢያ ነበር፤ ሰንሰለት፣ ፋሻ፣ የፍሪሲዮን ሽፋን፣ ጓርኒሲዮን፣ ትንንሾቹ ብሎኖች ሳይቀሩ በየክፍላቸው ተደርድረዋል። መሳቢያዎቹ እጀታቸው ተልጧል፤ በየቀኑ የሚከፈቱ ናቸው። የሰማያዊው አንዲት ካርቶን ነበረች። አቧራ ለብሳለች። ውስጧ ሁለት ካንዴላና አንድ ሰንሰለት ብቻ አለ።

«ሌላው?»

«ከሞምባሳ ይመጣል።»

«መቼ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ያን መልስ አውቀዋለሁ፤ ስድስት ዓመት እኔ ራሴ ለቆራጮቹ የሰጠሁት መልስ ነው፤ አዲስ አበባ ሞምባሳን ተካ እንጂ።

ሐጂ ግን በካርቶን የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ካልተሰበረ መለዋወጫው ምን ይሠራልናል? አዲስ እኮ ነው!» አሉ። እውነት ለመናገር ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ነበር። እኔም ቢሆን ያንን ሰማያዊ መጋዝ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። በደፈናው መጥፎ ነው ብዬ መማል አልችልም።

«እንግዲያው ይሞከሩ» አልኩ።

ባለሱቁ ነገሩ ሳይጥመው አልቀረም፤ ሁለቱንም ነዳጅ ሞልቶ ጓሮ አወጣልንና አንድ የደረቀ ግንድ አሳየን። መጀመሪያ ሁለቱንም አስነሥቼ ሳላንቀሳቅሳቸው ያዝኳቸው። ጋዝ ሳይሰጠው ሰንሰለቱ ጸጥ ማለት አለበት። የአረንጓዴው ጸጥ አለ። የሰማያዊው ቀስ እያለ ይዞራል። ከዚያ የምላሳቸውን ጫፍ ወደ አንድ ንጹሕ ካርቶን አስጠግቼ ጋዝ ሰጠኋቸው። ሰንሰለቱ ዘይት እየጠጣ ከሆነ ካርቶኑ ላይ መስመር ይረጫል። አረንጓዴው ቀጭን ጥቁር መስመር አሰመረ። ሰማያዊው ጥቂት ነጠብጣብ ጣል አድርጎ ተወ።

ጋሼ ሰማያዊውን አንሥተው ግንዱን ገመሱት፤ ባለሱቁ በእጅ ሰዓቱ ያዘ። ቀጥሎ አረንጓዴው። ሰማያዊው ቀደመ።

ሐጂ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አልሐምዱሊላህ! አየሽ?»

አየሁ። ባለሱቁ ሊገባ ዞረ፤ ጋሼም በሐዘኔታ አዩኝ። ዝም ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን የሰንሰለቱ ቀስ ብሎ መዞርና ካርቶኑ ላይ ያየሁት የዘይት ማነስ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

«ዛፉ አንድ አይደለም፣ ሐጂ» አልኩ። «በእያንዳንዳቸው ሳያርፉ ዐሥር ጊዜ ይቆረጥ።»

«ዐሥር!» አለ ባለሱቁ።

«ግንዱን እኛ እንገዛዋለን። ማገዶ ነው» አልኩ፣ የሐጂን ኪስ ሳላስፈቅድ።

ጋሼ ቀጠሉ። አረንጓዴው መጀመሪያ ገባ። አንደኛው ቁራጭና ዐሥረኛው በሰዓቱ እኩል ወጡ። ከዚያ ሰማያዊው ተነሣ። ሦስት፣ አራት፣ አሁንም ፈጣን ነው። በአምስተኛው ላይ ድምፁ ቀጠነ። በስድስተኛው ሰንሰለቱ ረገበ፤ ጋሼ ሊያቆሙ ሲሉ «ይቀጥሉ» አልኳቸው። በሰባተኛው እንጨቱ ሳይሆን ምላሱ ጨሰ፤ የተቃጠለ ብረት ሽታ ጓሮውን ሞላው። በስምንተኛው ግንዱ ውስጥ እንደገባ ቀጥ አለ። ጋሼ የማስነሻውን ገመድ ቢስቡት ቢስቡት አልነቃም።

ባለሱቁ ሰዓቱን አወለቀና እንደገና አሰረው። ከዚያ ሳቀ፤ ንጹሕ ሳቅ ነበር።

«ማማ፣ ማነው ያስተማረሽ?»

«የተሰበሩት» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሌላውን ሁሉ ትቶ ከእኔ ጋር ማውራት ጀመረ።

ሐጂ ሰማያዊውን ግንድ ውስጥ እንደተቀረቀረ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት። «ግማሽ ዋጋ ከፍዬ ስምንት ቁራጭ ልገዛ ነበር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ባለሱቁ ዞሩ፤ ያኔ ሌላ ሰው ሆኑ። እኔ ዋጋው ይህ ነው ከተባለ ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ግምጃ ቤት መደራደር አያስተምርም። ሐጂ ግን ሻይ አስመጡ፣ ስለ ሰውየው ልጆች ጠየቁ፣ ሁለቴ ተነሥተው ወጡ፣ ሁለቴ ተጠርተው ተመለሱ። ከአረንጓዴው ዋጋ ላይ ብዙም አላስቀነሱም። ግን አንድ ትርፍ ሰንሰለት፣ ሁለት ሞረድ፣ አንድ ካንዴላና የግንዱን ቁራጮች በነጻ አስመረቁ። እኔ ትርፍ ሰንሰለቱ አያስፈልግም፣ ይልቅ ዋጋው ይቀነስ ብዬ በጆሯቸው ሹክ ብያቸው ነበር። አልሰሙኝም። እሰየው አልሰሙኝ።

ምክንያቱም በሁለተኛው የሥራ ቀን፣ አራተኛው ጥድ ውስጥ መጋዙ እሳት ተፋ። ዛፉ ገና ችግኝ ሳለ የአጥር ሽቦ ተቸንክሮበት ኖሮ፣ እያደገ ሲሄድ ሽቦውን ውጦታል። የሰንሰለቱ ጥርስ እንደ ሽማግሌ ድድ ሆነ። ለመሞረድ ሞከርኩ፤ የሚሞረድ ነገር አልቀረም። ሐጂ ከቦርሳቸው ያን ትርፍ ሰንሰለት አወጡና ዘረጉልኝ።

«ዋጋ ብቻ የማይ ሰው መስዬሽ ነበር፣ እህቴ?»

«አጥፍቻለሁ፣ ሐጂ» አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥድ በመዶሻ እያንኳኳን፣ ሽቦ የበላውን ከፍ ብለን እየቆረጥን ሄድን። ጋሼ ይቆርጣሉ፤ ሁለት የቀን ሠራተኞች ገመድ ይስባሉ፤ እኔ በየዕረፍቱ ሰንሰለቱን እሞርዳለሁ፣ ቤንዚንና ዘይት እቀላቅላለሁ። አንድ ሁለቴ ጋሼ ሲደክማቸው እኔም ያዝኩት። በቀሚስ ሳይሆን ከጋሼ በተዋስኩት ሱሪ መሆኑን ልብ ይሏል። መጋዙ በእጄ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ፈራሁት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስይዘው ግን ፍርሃቱ ወደ ደስታ ዞረ።

በአምስተኛው ቀን ዐሥሩም ጥዶች ተጋድመው ባሕር ዛፉ ብቻውን ቀረ። ያ እኩሌታ የጠየቀን ፈንዲ ወሬ ሰምቶ ኖሮ በር ላይ ቆሟል። መጋዛችንን አይቶ «ይህን ዛፍ በዚህች መላጫ?» አለ። የቤቱ ባለቤትም በረንዳቸው ላይ ወጥተው የሸክላ ጣሪያቸውን በዓይናቸው ይጠብቃሉ።

ጋሼ ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ገመዱን ከላይ አሳሰሩ፣ ከቤቱ በተቃራኒ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄደው አንድ ችካል መሬት ላይ ተከሉ። «እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው» አሉ። ከዚያ መጋዙን አንሥተው ለእኔ ሰጡኝ።

«እኔ ጋሼ?»

«አንቺ ነሻ የመረጥሽው። እኔ ከጎንሽ ነኝ።»

ወደ ችካሉ በኩል አፍ ከፈትኩለት። ከዚያ ከጀርባ፣ መጀመሪያ በግራ ገባሁ፤ ምላሱ እስከ መጨረሻው ሰመጠ። ወጣሁ። በቀኝ ገባሁ። ጋሼ ሽብልቅ እየመቱ ይከተሉኛል። ሞተሩ አልቀጠነም፣ ሰንሰለቱ አልረገበም፤ ነጭ ብናኝ እስከ ጉልበቴ ድረስ ተከመረ። ሁለቱ ቁርጦች ሊገናኙ ሲሉ ከዛፉ ሆድ አንድ ድምፅ ወጣ፣ እንደ በር ሲጢጥ ያለ።

«በቃሽ! ውጪ!» ጮኹ ጋሼ።

ወደ ኋላ ሸሸሁ። ገመዱ ተወጠረ። ዛፉ ለአፍታ ቆም አለ፤ ከዚያ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ በአንዴ ሄደ። መሬቱ ከእግሬ በታች ዘለለ። ቅጠሉ ሲረጋጋ ጋሼ ሮጠው ቅርንጫፎቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ግንዱ ችካሉን አናቱ ላይ ተኝቶበት እንደ ሚስማር መሬት ውስጥ ከትቶታል። ከጣሪያው አንዲት ሸክላ አልተነቃነቀችም።

ሐጂ ተክቢር አሉ። ጋሼ አማተቡ። ባለቤትየዋ ከበረንዳው ሆነው ሲያጨበጭቡ አየሁ። እኔ መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ጓንቴን አውልቄ፣ ጮክ ብዬ እልል አልኩ፤ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፈንዲው ተጠግቶ መጋዙን በእጁ መዘነ። «ከየት ገዛችሁት?» አለ። ነገርኩት፤ ምን ምን መጠየቅ እንዳለበትም ጨመርኩለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ያረፍንበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። የመበለቲቱ ጎረቤት ጠሩን፣ የጎረቤቷም እኅት። ከጥዶቹ ጋሼ የሠሯቸው ጠረጴዛዎች ሁርሊንግሃም ካለ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ገቡ፤ ማገዶው በየወጥ ቤቱ ነደደ። ድርሻዬ ከሁለቱ ጋር እኩል ሲሶ ነበር፤ ይህን ያሉት ሐጂ ናቸው፣ ሳልጠይቃቸው።

ያን መጋዝ ስምንት ዓመት ሠራንበት። ፋሻ ሁለቴ ተቀየረለት፣ ሰንሰለቱን አልቆጠርኩትም፤ አንድም ቀን ግን መለዋወጫ ጠፍቶ አልቆመም። ደርግ ወድቆ ጋሼ ወደ አስመራ ሊመለሱ ሲነሡ ነው የሸጥነው። የገዛው ከሊሙሩ የመጣ ገበሬ ነበር። አሮጌ ነው ብሎ ጠረጠረና አስነሺው አለኝ። ገመዱን ለሁለተኛ ጊዜ ስስበው ተነሣ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጥቂት አዳመጠው፣ ቀና አለ፣ የጠየቅነውን ሳይከራከር ከፈለ።